ዓይን የሌለው ስለ እሳት አይመሰክርም

ተረት ተረት። የላም በረት።

በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጡ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ አንድ ያረጀ ጽድ ነበር። ዙሪያውን የወረሰው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ጽዱ ግን የአገሩ ተወላጅ ነው። የጫካው እንስሳት ለሸንጎ የሚቀመጡትም በጽዱ ሥር ነበር። ዳኛው አያ ጅቦ ነው። ጅብ እንዴት ዳኛ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ለመጠየቅ ያሰበ ቢኖርም እስከ ማግስቱ አልሰነበተም። ሸንጎው አንድ ደግ ሕግ ግን ነበረው፤ የፍርድ ቀን ሥጋ አይበላም። ከጫካው ወደ ሽሮ ሜዳ እንጨት ስታመላልስ የምትውለው አህያም በዚህ ሕግ ተማምና ትመጣና ከሁሉ ኋላ ትቆማለች። ሌሎቹ «አያ»፣ «እንኮዬ»፣ «አባ» የሚል ማዕረግ ነበራቸው። እርሷ አህያ ብቻ ናት።

መስከረም ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ጠብ ተነሣ። ጠቡ የተነሣው በቀጋ ፍሬ ነው። ድኩላ ከቁጥቋጦው ሥር ቆሞ ሲግጥ እንኮዬ ጦጣ መጣችና የበሰለውን ፍሬ ብቻ እየመረጠች ትጎርስ ጀመር። አንዱንም አልሳተችም።

«ሳትቀምሺ በምን ለየሽው?» አላት።

«የበሰለው ቀይ፣ ጥሬው አረንጓዴ ነዋ! አይታይህም እንዴ?»

ድኩላ አፈጠጠ። ቅጠሉም፣ ጥሬውም፣ የበሰለውም ለእርሱ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀንዱን ነቀነቀና «ቀይ የሚባል ነገር የለም። በድብቅ ቀምሰሽ አስቀድመሽ ለይተሻቸዋል» አላት።

ወይዘሮ ንብ በዚያ ስታልፍ ሰማች። «ቀይ የሚሉትን እኔም አይቼው አላውቅም» ስትል ድኩላን ደስ አለው። ደስታው ግን አልቆየም። «እናንተ ደግሞ በቢጫው አበባ እምብርት ላይ ያለውን ምልክት አታዩም። እኔ ወለላው ያለበትን የማገኘው በእርሱ ነው» አለች።

ድኩላና ጦጣ አበባውን ዞረው ዞረው አዩት። ቢጫ ነው፤ ከቢጫ በቀር ምንም የለበትም። በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ታረቁ፤ ንብን ለመክሰስ።

ሸንጎው ተሰበሰበ። አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠርጎ ጭብጡን ያዘ፤ «ቀይ አለ ወይስ የለም? በአበባው ላይ ምልክት አለ ወይስ የለም? ነገሩ ይኸው ነው።»

መጀመሪያ የተናገረችው እማማ ጉጉት ናት። «ልጆቼ፣ እኔ የማድረው በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ጣሪያ ላይ ነው። እዚያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ሰዎች የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተክለዋል። ሌሊት ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ። እነርሱ እንደሚሉት ብርሃን ሰፊ ዘመድ አለው። የምታዩት ቀለም፣ የማታዩት ሙቀት፣ ሬዲዮ የሚይዘው ሞገድ፣ ሐኪም አጥንት የሚያይበት ጨረር፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በባዶ ጠፈር ውስጥ አንዱ ሌላውን አይቀድምም፤ ሁሉም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። የሚለያዩት በእርምጃቸው ርዝመት ነው። የሰማያዊ እርምጃ ያጥራል፣ የቀይ ይረዝማል። ሰው የሚያየው እርምጃው ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለውን ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ናኖ ሜትር ይባላል። የጦጣ ዓይን ከሰው ዓይን ብዙም አይርቅም። የድኩላ ዓይን ቀዩን ከአረንጓዴው አይለይም። ንብ ደግሞ ቀዩ ጨለማ ይሆንባታል፤ ሰው ከሚያየው ሐምራዊ ያጠረውን ግን ታያለች፤ የአበባው ምልክት የተጻፈውም በዚያ ነው። እንግዲህ ከሦስቱ የዋሸ የለም።»

ነገር አዋቂው ቀበሮ ብድግ አለ። «እማማ፣ ሦስቱም ያልዋሹ ከሆነ እኛ ለምን ተሰበሰብን? ሸንጎ የተቀመጠው አንዱን ሊረታ፣ ሌላውን ሊያስረታ ነው።»

አያ ጅቦም ጨመረበት፤ «በዚያ ላይ ሰዎች ያሉት በእኔ ችሎት ማስረጃ አይሆንም። ስለ እኔ የሚሉትን ሁላችሁም ሰምታችኋል!»

ይህን ጊዜ አባ ፍልፈል ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። «እኔ ቢጫውንም ቀዩንም አላውቅም። ዓይኔ ከጤፍ ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ፀሐይ መውጣቷንም፣ እሳት መንደዱንም የማውቀው በቆዳዬ ነው» አለ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ሽኮኮ እየሳቀ ከድንጋዩ ወደቀ።

ድምፅ ተሰጠ። «ቀይ የታየው እጁን ያውጣ!» ሲባል ጦጣ ብቻዋን አወጣች። «ምልክቱ የታየው!» ሲባል ንብ ብቻዋን ክንፏን አርገበገበች። ጅብ፣ ድኩላ፣ ቀበሮ፣ ሚዳቋ፣ ሽኮኮ፣ ጥንቸል፣ አህያ ሁሉም ቀይና አረንጓዴ ከማይለዩት ወገን ናቸው። ብዙዎቹ በአንዷ ላይ፣ ብዙዎቹ በሌላዋ ላይ ሆኑና አዋጁ በዚያው ቀን ወጣ።

አንቀጽ አንድ፤ የብዙኃን ዓይን ያላየው ነገር የለም።

አንቀጽ ሁለት፤ የሌለ ነገር አየሁ ያለ ውሸታም ነው።

አንቀጽ ሦስት፤ ዓይን የሌለው ስለ እሳት አይመሰክርም።

ሦስተኛው አንቀጽ የገባው ለሳቅ ነበር። በሳቅ የገባ ሕግ ግን ሲወጣ አያስቅም።

ወራት አለፉ። በጋው ገፋ፣ የካቲት ገባ፣ ሣሩ ደረቀ። አንድ ከሰል አክሳይ በገደሉ አፋፍ ላይ እንጨት ከምሮ፣ በሣርና በአፈር ደፍኖ ሲያከስል ሰነበተ። ከሰሉን በጆንያ ሞልቶ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ እሳቱ የጠፋ መስሎት ነበር። ከአፈሩ ሥር ግን ፍም ቀርቷል። ነበልባል የለ፣ ብልጭታ የለ፣ ከላይ የሚታየው ጥቁር አፈር ብቻ ነው። ሽታውም ቢሆን ማንንም አላስደነገጠም። ማታ ማታ የጉለሌ ማጀት ሁሉ ጢስ ወደ እንጦጦ ይወጣል፤ የጫካው አፍንጫ ለጢስ ከደነዘዘ ቆይቷል።

በዚያ ሌሊት አባ ፍልፈል እየሮጠ ጽዱ ሥር ደረሰ። ፍልፈል ሲሮጥ ያየ ያኔ ነገር መኖሩን ማወቅ ነበረበት።

«አያ ጅቦ፣ በአፋፉ ላይ ካለው አፈር ውስጥ እሳት አለ!»

«አየኸው?»

«አላየሁትም። ግንባሬን ሞቀኝ።»

ቀበሮ ጣልቃ ገባ። «ነፋሱ ሞቆ ይሆናል።»

«ነፋሱ የሚነፍሰው ከእኔ ወደ ክምሩ ነው፤ ደግሞም ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ ግን ነፋሱን እየተጋፋ መጣብኝ። ከድንጋይ ጀርባ ስገባ ወዲያው ይጠፋል፤ ብቅ ስል ወዲያው ይመለሳል። ሙቀቱ ጥላ አለው፣ አያ ጅቦ። በነፋስ የማይወሰድ፣ ጥላም የሚያጠላ ነገር ብርሃን ካልሆነ ምን ይሆናል? እናንተ አታዩትም እንጂ ብርሃን ነው።»

ከዚህ የተሻለ ምስክርነት በዚያ ሸንጎ ተሰምቶ አያውቅም። የሞቀ ነገር ሁሉ ያበራል፤ የእኔና የእናንተ ገላም ጭምር። ብቻ የአንድ ነገር ሙቀት ወደ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪጠጋ ድረስ የሚያወጣው ብርሃን ለዓይን አይሆንም። ከሞቀው አፈር የሚወጣው ሞገድ እርምጃው የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ግድም ነው፤ ከቀይ ብርሃን ከአሥር እጥፍ በላይ ይረዝማል። ያን የመሰለውን ዓይን አይቀበለውም። ቆዳ ይቀበለዋል።

እማማ ጉጉት ልትረዳው ሞከረች። «እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ ወዲያ፣ ምንም ቀለም ከማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም ይበልጥ ሞቀ። የማይታየው ሙቀት የብርሃን ወንድም መሆኑ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ያ ቴርሞሜትር የሚሉት ዓይን አለው?» አለ አያ ጅቦ።

«የለውም።»

«እንግዲያው አንቀጽ ሦስት እርሱንም ይመለከተዋል።»

ፍልፈል ሦስት ቀን ከጉድጓዱ እንዳይወጣ ተፈረደበት። ፍልፈልን በጉድጓዱ መቅጣት የዳኛውን ጥበብ ያሳያል።

ጎህ ሊቀድ ሲል እንኮዬ ጦጣ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ሆና ወደ አፋፉ ተመለከተች። አፈሩ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ደብዛዛ ቀይ ነገር ይተነፍሳል። ጮኸች። ዳኛውና ነገር አዋቂው መጥተው አዩ። ለእነርሱ ዓይን የጠቆረ ቀይ ከጥቁር አፈር አይለይም።

«ምን ታያለሽ?» አላት ቀበሮ።

«ቀይ…» ብላ ጀመረችና አንቀጽ ሁለት ትዝ ሲላት ምላሷን ያዘች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

በእኩለ ቀን ስስ ጢስ በጫካው ላይ ተዘረጋ። ጢስ ሲሳሳ ከሰማያዊው ብርሃን ብዙውን ወደ ጎን ይበትነዋል፤ ቀዩ ግን እየሰነጠቀ ያልፋል፤ ስለዚህ ፀሐይ ፍም መሰለች። ጦጣ አየች። ዝም አለች። ከሁሉ የከፋው የአዋጁ ጥፋት ይህ ነው። ውሸታም የተባለችው ጦጣ ከዚያ ወዲህ አልዋሸችም፤ ዝም አለች እንጂ። አንድ አገር ምስክሮቿን ስትሳደብ የምታተርፈው ዝምታን ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ፍሙ ከደረቀው ሣር፣ ሣሩ ከባሕር ዛፉ ቅጠል ተገናኘ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ አንዴ ከተያያዘ እርጥብ ነው ብሎ አይመለስም። ጢሱ ሰማዩን ከደነው፣ ፀሐይ ጠፋች። ሚዳቋ ወደ እሳቱ ሮጠች፣ ጥንቸል ክብ ዞረ፣ አያ ጅቦ «ሸንጎ ይሰብሰብ!» እያለ ጮኸ። የቀጨኔ ወንዝ በየት በኩል እንደሆነ ሁሉም ጠፋበት።

በሰሜን በኩል፣ ወደ ሱሉልታ፣ ቁና የምታህል ሰማያዊ ሰማይ ከጢሱ ተርፋ ነበር። ወይዘሮ ንብ ወደዚያች አንጋጠጠች። «ወንዙ በዚህ ነው፣ ተከተሉኝ!» አለች።

«ፀሐይ ሳትኖር በምን አወቅሽ?» አለ ድኩላ እያለከለከ።

«ስትተርፍ እነግርሃለሁ!»

ተከተሏት፤ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። አህያ ሽኮኮን በጀርባዋ አዘለች። ወንዙ ደረሱ። ውኃው እስከ ጉልበታቸው በሆነበት ቦታ ቆመው ጫካቸው ሲነድ አዩ።

እዚያው ውኃ ውስጥ ሆነው ንብ አስረዳች። «ከፀሐይ የሚመጣ ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል። አየር ሲበትነው ግን ርግብግቡ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል፤ አቅጣጫውም ፀሐይ ያለችበትን ተከትሎ ይለዋወጣል። የእኔ ዓይን ያን ያነባል። ስለዚህ የሰማይ ቁራጭ ካገኘሁ ፀሐይ የት እንዳለች አውቃለሁ፤ ፀሐይን ካወቅሁ ውኃ የምቀዳበትን መንገድ አልስትም።» ይህን የንብን ጥበብ ለሰው የገለጠው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። ለሰው እንጂ ለንብ አዲስ ነገር አልነበረም። እርሱም ንብን ውሸታም ሳይል ዕድሜ ልኩን ሲጠይቃት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ።

ብዙ ተረቶች እዚህ ላይ ያበቃሉ። የተናቁት ይከበራሉ፣ የናቁት ያፍራሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል። የእንጦጦ እንስሳት ግን ያፈሩት በሌላ መንገድ ነው። እሳቱ እንደጠፋ አያ ጅቦን ከወንበሩ አውርደው አባ ፍልፈልን ሾሙት። «ፍልፈል ያውቃል!» እያሉ አጨበጨቡ። አባ ፍልፈልም በተሾመ ሳምንት አዋጅ አወጣ፤ «የሞቀ እውነት ነው፤ ያልሞቀ ውሸት ነው።»

ከዚያ በኋላ ቀለም የሚባል ቃል በሸንጎ እንዳይነሣ ተከለከለ። ጨረቃ አትሞቅምና የለችም ተባለ። እማማ ጉጉት ለመናገር ስትነሣ «እስቲ ልዳስስሽ» ይሏታል። ትናንት በፍልፈል የሳቁት ሁሉ ዛሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዱ ጀመር፤ ዓይኑን ይበልጥ የጨፈነ ይበልጥ ይሾማል።

አንድ ሌሊት አዳኝ በውኃ መውረጃው ላይ የሽቦ ወጥመድ አጠመደ። ድኩላ በጨረቃ ብርሃን ሽቦው ሲያብለጨልጭ አየና መጥቶ ተናገረ።

«ሞቀህ?» አለው አባ ፍልፈል።

«ሽቦ ነው፤ ሌሊት ነው፤ ቀዝቃዛ ነው።»

«እንግዲያው የለም።»

በማግስቱ ሚዳቋ በዚያ ወጥመድ እግሯን ሰበረች።

ያን ቀን ሸንጎው ሲቀመጥ ዝምታው ከበደ። ከሁሉ ኋላ አንድ ኮቴ መሬቱን መታ። አህያ ናት። አያ ጅቦ ከሥልጣን ወርዶም ቢሆን ሲያያት ምራቁን ዋጠ፤ እርሷም አይታዋለች፤ ግን ተናገረች።

«እኔ ማዕረግ የለኝም፣ ዓይኔም ከድኩላ ዓይን አይሻልም። ቀይ ብትሉኝ አላውቀውም። በሽሮ ሜዳ ግን ሸማኔዎቹ የሰቀሉትን ጥለት እያየሁ በየቀኑ አልፋለሁ። ለእኔ ሁለት ነጠላ ፍጹም አንድ ነው፤ ገዢዋ ግን አንዱን አንሥታ ሌላውን ትመልሳለች። ሌላ ቀን ሌላ ገዢ ትመጣለች፤ እርሷም ያንኑ ትለያለች። አልተማከሩም፣ አይተዋወቁም። ስለዚህ እኔ የማላየው ልዩነት በዚያ ነጠላ ላይ አለ አልኩ። ቀይን አላየሁትም፤ መኖሩን ግን አውቃለሁ።»

ማንም አልሳቀም።

«ሌላም ልንገራችሁ። ባለቤቴ በኪሱ ሬዲዮ ይዞ ነው የሚነዳኝ። ኤፍ ኤም 97.1 ከፍቶ ቁልቁል ወደ ገደሉ ስንወርድ ድምፁ እየተቆራረጠ ይጠፋል፤ ጉብታው ላይ ስንወጣ ይመለሳል። መካከለኛ ሞገድ ሲከፍት ግን ገደል ውስጥም ይሰማል። እማማ ጉጉትን ጠየቅኋት። የኤፍ ኤሙ እርምጃ ሦስት ሜትር ያህል ነው፤ ጉብታው ይጋርደዋል። የመካከለኛው ሞገድ እርምጃ በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል፤ ጉብታውን ታክኮ ይታጠፋል። አሁን በዚህ ሸንጎ መካከል ሁለቱም እያለፉ ነው። አያ ጅቦ አላያቸውም፤ አባ ፍልፈልን አላሞቁትም፤ ለወይዘሮ ንብ አልታዩአትም። እርስ በርሳቸው እየተላለፉ አንዱ ሌላውን ሳይሰብር መንገዱን ይሄዳል። ከእኛ መካከል ለዚያ ዓይን ያለው የለም። ሁላችንም ዕውሮች የሆንበት ነገር አለ ማለት ነው።»

«ታዲያ ማንን እንመን?» አለ ቀበሮ። ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

«ስም ቆጥረን አንመን። ያ ሲደረግ ጫካው ነደደ። አንዱን መርጠን ዓይናችንንም አናስረክበው። ያ ሲደረግ የሚዳቋ እግር ተሰበረ። ምስክር ሲቆም ሦስት ነገር እንጠይቀው። በምን አወቅህ? የአንተ ማወቂያ የት ላይ ያበቃል? እኛ ያንተ ዓይን ወይም ቆዳ ባይኖረን ነገርህን በምን እንፈትነው? አባ ፍልፈል በየካቲት ሌሊት መጀመሪያውንና ሦስተኛውን ሳይጠየቅ መልሶ ነበር። ነፋሱን ነገረን፣ ድንጋዩን ነገረን። ዓይን ያለው ሁሉ ሄዶ ደረቅ ሣር በክምሩ ላይ ቢጥል ይበቃ ነበር። ሳንፈትነው ሳቅንበት። ሲሾም ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ራሱን አልጠየቀም።»

አባ ፍልፈል ከወንበሩ ወረደ። ማንም አላወረደውም።

አዲሱ ሕግ በእነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ጸና። ሕጉ በጸና በሦስተኛው ቀን እስስት መጣ። «እኔ ዓይኖቼ ለየብቻ ይዞራሉ፤ እናንተ የማታዩትን ሁሉ አያለሁ። ነገ ማን እንደሚሾምም አይቻለሁ» አለ። ጊዜው የየራሱ ዓይን የተከበረበት ነውና ሊያጨበጭቡለት የተነሡ ነበሩ።

«በምን አወቅህ?» አለች አህያ።

«እንዲሁ አወቅሁ።»

«የማታየውስ ምንድን ነው?»

«የማላየው የለም።»

«በምን እንፈትንህ?»

«መፈተን እምነት ማጣት ነው።»

ሸንጎው እንደገና ሳቀ። ይህ ሳቅ ከመጀመሪያው ይለያል፤ ከጥያቄ በኋላ የመጣ ነው። እስስት የቅጠሉን ቀለም ለብሶ ሄደ፤ ጦጣ ብቻ በየት እንዳለፈ አየችው።

ተረቱ ይኸው ነው። ለእኛ ለጉለሌ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይቀረዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና መጥቃለች፤ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋም የተሠራው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር። እንዲህ ያሉ ምድርን የሚቃኙ ሳተላይቶች ካሜራቸው የሰው ዓይን በሚያየው ቀለም ብቻ አይወሰንም፤ ከቀይ ወዲያ ያለውንም ይቀበላል። ጤነኛ ቅጠል ያን የማይታየውን ብርሃን አጥብቆ ያንጸባርቃል፤ ሰብል በሽታ ሲገባው ወይም ውኃ ሲጠማው ዓይናችን ሳያውቀው በፊት እዚያ ላይ ሊታወቅ ይችላል። ወደ ሰማይ ስንልክ የራሳችን ዓይን እንደማይበቃን ገብቶን ከፍልፈልና ከንብ ተበድረናል። በዕድር፣ በወረዳ፣ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ስንቀመጥ ግን ዛሬም «ማነው እንደ እርሱ ያየ? እጅ ያውጣ!» እንላለን። አንድ እጅ ብቻ ሲወጣ ነገሩ የተዘጋ ይመስለናል።

ብርሃን ድምፅ ቆጥሮ አያውቅም። የሚያየው ቢበዛም ቢያንስም በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ የታፈነ ፍምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ነገ በስብሰባችሁ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ እናንተ ያላያችሁትን ነገር ቢነግራችሁ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁት። መልስ ካጣ የዚያን ጊዜ ሳቁበት፤ መልስ ካለው ግን ተነሡና አፈሩን ፈትሹ።